ቀርከሃ አጥር የተሻገረበትን ቤት እንዴት ልሽጥ? ለአንድ የለገጣፎ ነዋሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ለገጣፎ ውስጥ በ200 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አላቸው። ቤቱ ውስጥ በገቡ ሰሞን ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ቀርከሃ ገዝተው በጓሮው አጥር ጥግ ተከሉ። የተከሉት የጎረቤት ፎቅ ግቢያቸውን እንዳያይባቸው ነበር። ቀርከሃው አደገና አረንጓዴ ግድግዳ ሆነላቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ባልተተከለበት ቦታ ይበቅል ጀመር። ባለፈው ክረምት በመኪና ማቆሚያው ኮብልስቶን መሀል ብቅ አለ። ከሴፕቲክ ታንኩ ክዳን አጠገብም ታየ። ከአጥር ወዲያ ደግሞ የጎረቤታቸውን የጎመን መደብ ገባበት። አሁን ቤቱን ሸጠው ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ሐዋሳ ሊሄዱ ነው። ደላላው «ከሥር ከሥሩ ቆርጠው አፈር ያልብሱት፣ ላዩን ሴራሚክ ያንጥፉና ዝም ይበሉ። ሣር ነው፤ ማን ይጠይቅዎታል?» ይላቸዋል። እርሳቸው የጠየቁት ሦስት ነገር ነው። ዝም ብል ምን ይመጣብኛል? ቀርከሃው በእርግጥ ይጠፋል ወይ? ዋጋውስ ምን ያህል ይወርዳል?

የእኔ ሙያ ዕፅዋት ነው። በሻጭም በገዢም ተጠርቼ ግቢ አያለሁ። ሕጉን የምጠቅሰው ከሥራዬ ጋር በተያያዘው መጠን ብቻ ስለሆነ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩት።

ከደላላው ምክር ልጀምር፤ ቶሎ መቆም ያለበት እሱ ነውና። ቀርከሃ ከሣር ወገን ነው፤ እዚህ ላይ ደላላው ልክ ነው። ግን ሰርዶ ያረመ ሰው የሣርን ጠባይ ያውቃል። ላዩን ብታጭደው ከሥር ይመጣል። ቀርከሃም ስንቁን የሚያስቀምጠው ምድር ውስጥ ነው። እኛ ሥር የምንለው ያ ወፍራም ነገር በትክክል ሲታይ በአግድም የሚሄድ ግንድ ነው። እንደ ላይኛው ግንድ አንጓ አለው። በየአንጓውም ዓይን አለው። ከአንዱ ዓይን ቡቃያ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሌላው ደግሞ አዲስ የምድር ግንድ ወደ ጎን ይቀጥላል። ላዩን ቆርጠው ሴራሚክ ሲያነጥፉ ያ ሁሉ ስንቅ እንዳለ ከሥር ይቀመጣል።

ክረምት ሲገባና አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ቡቃያው በንጣፉ መጋጠሚያ ይመጣል። የቀርከሃ ቡቃያ ከመሬት የሚወጣው የመጨረሻ ውፍረቱን ይዞ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ቁመት ብቻ ነው፤ እሱንም በጥቂት ሳምንታት ይጨርሳል። ስለዚህ በየካቲት ግቢውን አይቶ የገዛ ሰው በነሐሴ ይደውላል። ያን ጊዜ መቆፈሩ ብቻ አይበቃም፤ ሴራሚኩም መፍረስ አለበት። ማለትም ለመሸፈን ያወጡት ገንዘብ የጉዳቱ ሒሳብ ላይ ይደመራል።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ይህን ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ያገኙታል። እዚያው አካባቢ ለእርስዎ የሚጠቅም አንድ ድንጋጌ አለ። ገዢው ሲዋዋል ለሚያውቀው ጉድለት ሻጩ አይጠየቅም። ተቃራኒውም አለ። ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ «ለጉድለት ኃላፊ አይደለሁም» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ማስገባቱ አያድነውም። በማታለል የተደረገ ውል ደግሞ በአንቀጽ 1704 መሠረት እስከ መፍረስ ሊደርስ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ በግቢ ውስጥ ያለ ቀርከሃ በሕግ ዓይን ጉድለት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ጥሩ ጠበቃ በሁለቱም በኩል የሚናገረው አያጣም። እኔ የምፈራልዎት ሴራሚኩን ነው። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ቆርጦ፣ አፈር አልብሶ፣ ንጣፍ አንጥፎ ዝም ማለት ግን ሆን ብሎ የተሠራ ሥራ ነው። ሠራተኛው ያውቃል፣ ጎረቤት አይቷል፣ የሴራሚኩ ደረሰኝም አለ። ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ ሄዷል፤ ፍርድ ቤት የሚቆሙት እርስዎ ነዎት።

እንግሊዝ አገር ይህ ጉዳይ ምን ያህል እንደከረረ ልንገርዎ። እዚያ የጃፓን ኖትዊድ የሚባል ተክል አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለግቢ ጌጥ ተብሎ የገባ ነው። ዛሬ ቤት የሚሸጥ ሰው በሚሞላው ቅጽ ላይ ስለዚህ ተክል ተለይቶ ይጠየቃል። መልሱ አለ፣ የለም ወይም አላውቅም ነው። ባንኮችም ማስወገጃ ዕቅድ ካልቀረበላቸው ለእንዲህ ዓይነት ቤት ብድር ለመስጠት ያመነታሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደን ውስጥ «የለም» ብሎ የሞላ ሻጭ ለገዢው 32 ሺህ ፓውንድ ካሳ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ከካሳው የሚበልጥ የክርክር ወጪም ተጨምሮበታል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቅጽ የለም። ባንክ የሚልከው ገማችም ባብዛኛው የሚያየው ግንባታውን እንጂ ተክሉን አይደለም። ስለዚህ የባንኩ ሰው ምንም አለማለቱን እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት። ሻጭና ገዢ ይህን ነገር ራሳቸው መነጋገር አለባቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ መጀመሪያ ያለዎት ቀርከሃ የትኛው እንደሆነ ይወቁ። ሁሉም ቀርከሃ አይጓዝም። በሆቴልና በመናፈሻ በር ላይ የምናየው፣ ግንዱ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴ መስመር ያለበት ወፍራሙ ቀርከሃ ባለበት ቦታ ይዳብራል እንጂ አይሮጥም። ግንዶቹ ተጠጋግተው አንድ ላይ ይቆማሉ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይሰፋል እንጂ አጥር ተሻግሮ ጎመን መሀል አይወጣም። አገራችን ላይ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ለገጣፎ ላይ እሱን አልጠብቅም። ሌላው በአዊ፣ በጉራጌና በሲዳማ ደጋ የምናውቀው የደጋ ቀርከሃ ነው። እሱ ግንዶቹን ራቅ ራቅ አድርጎ ይሰፋል፤ ከአንድ ግንድ እስከ ሚቀጥለው የሚሄደው ግን በአጭር እርምጃ ነው።

የእርስዎ ግን ከእስያ የመጣው ሯጩ ዓይነት ይመስለኛል። ምክንያቱም ከእናቱ ርቆ፣ ለብቻው፣ በኮብልስቶን መሀል ወጥቷል። ለማረጋገጥ አንድ የበሰለ ግንድ ይያዙ። ቅርንጫፍ ከወጣበት አንጓ በላይ ያለውን ክፍል በጣትዎ ይዳስሱ። በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ወይም ቦይ ያለው ሆኖ ከተሰማዎት፣ ከአንጓውም ባብዛኛው ሁለት ቅርንጫፍ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኖ ከወጣ፣ ሯጩ ነው። ግንዱ ዙሪያውን ክብ ከሆነና ከአንጓው ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ተሰብስቦ ከወጣ ሌላ ዓይነት ነው። ከዚያ በኮብልስቶኑ መሀል የወጣውን ቡቃያ ሥር ቆፍረው ይዩ። ጣት የሚያህል፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ በየአጭር ርቀቱ ቀለበት ያለው ነገር በአግድም ሲሄድ ካገኙ ጥያቄው ተመልሷል።

ይህን መለየት ለዋጋውም ይጠቅማል። የማይሮጠው ዓይነት ያለበትን ግቢ «ቀርከሃ አለበት» ብሎ ዋጋ የሚጥል ገዢ ካጋጠመዎት በእውቀት መመለስ ይችላሉ።

ጉዳቱስ? እዚህ ላይ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንዱ ምንም አያደርግም ይላል፣ ሌላው ቤቱን ይጥለዋል ይላል። ቀርከሃ በደንብ የተሠራ የአርማታ መሠረት ሰብሮ አይገባም። የሚፈልገው ክፍተት ነው። በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን ለእሱ ክፍት በር ነው። በረንዳው ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅ፣ የማንሆል ክዳን ዳር፣ በደንብ ያልታሸገ የፍሳሽ ቱቦ መጋጠሚያ፣ የአጥሩ ብሎኬት ሥር፣ እነዚህ ሁሉ መግቢያዎቹ ናቸው። ሴፕቲክ ታንኩ አጠገብ መውጣቱ ትኩረት ይፈልጋል። ክዳኑን አስከፍተው ግድግዳውንና የቱቦውን መግቢያ በባትሪ ይዩት። ሥር ካልገባበት ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ይህ ፎቶ በኋላ ከብዙ ወሬ ይሻላል።

ግድግዳና አጥር ላይ ያለውን ስንጥቅ ግን ለቀርከሃው ብቻ እንዳይሰጡት። በለገጣፎና በአካባቢው ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር አለ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። አጥርና ወለል የሚሰነጥቀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ተክል ባይኖርም ይሰነጠቃል። ገዢ ግን ስንጥቅና ቀርከሃን ጎን ለጎን ሲያይ ሁለቱን ያገናኛል። ስለዚህ ግቢዎ ዋልካ ከሆነና ስንጥቅ ካለ፣ አንድ የግንባታ መሐንዲስ አይቶ አንድ ገጽ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ። እኔ ስለ ተክሉ ልጽፍልዎ እችላለሁ። ስለ መሠረቱ የምጽፈው ግን ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ምን ያህል እንደተስፋፋ መለካት ነው። ይህ ርካሽ ሥራ ነው። አንድ ቀን ሠራተኛ ዶማና አካፋ ይዞ ከቤቱ ግድግዳ ትይዩ፣ ከቀርከሃው በኩል፣ ጠባብ ቦይ ይቆፍር። ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር አካባቢ ይሁን። የሯጩ ቀርከሃ የምድር ግንድ ባብዛኛው ላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው የሚሄደው። ቦዩን የሚያቋርጥ ካልተገኘ ወደ ቤቱ አልደረሰም ማለት ነው። ከተገኘ የት የት እንዳቋረጠ በችካል ወይም በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ግቢውን በወረቀት ላይ ይሳሉ። ቤቱን፣ አጥሩን፣ ታንኩን፣ ቀርከሃው የተገኘበትን ነጥብ ሁሉ ያስቀምጡ። ቆንጆ ስዕል መሆን የለበትም። ገዢውን የሚያረጋጋው ይህ ወረቀት ነው። ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው፤ ድንበሩን በዓይኑ ሲያየው ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ይጠፋል ወይ ላሉት፣ አዎ ይጠፋል። ግን በአንድ ቀን አይደለም፤ በመርጨት ብቻም አይደለም።

ለመቆፈር የምመርጠው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ነው። በሐምሌ ዋልካ ላይ መቆፈር ጭቃ ማቡካት ነው። በየካቲት ደግሞ ዲጂኖ የሚመልስ ድንጋይ ይሆናል። በጥቅምት አፈሩ እርጥበት አለው፣ ይፈረፈራል፣ የዚያ ክረምት ቡቃያ ሁሉ ወጥቶ ስላለቀም የት የት እንዳለ ይታያል። መጀመሪያ ግንዶቹን ቁረጡ፤ ግን ጉልበት የሚደርስ ጉቶ ተዉ። መያዣ ይሆናል። ከዚያ ጥቅጥቅ ያለውን የሥር ምንጣፍ በመጥረቢያ በየብሎኩ ቆራርጦ በዲጂኖ መፈንቀል ነው። ዋናው ቦታ ከወጣ በኋላ ወደ ጎን የሄደውን እያንዳንዱን የምድር ግንድ ጫፉ ድረስ ተከትሎ ማውጣት ያስፈልጋል። ሠራተኛው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ጎትቶ ይበጥሰውና «አለቀ» ይላል። የተበጠሰው ቁራጭ ዓይን ካለው ይበቅላል። ስለዚህ በቁርጥ ዋጋ አያሠሩት፤ በቀን ሒሳብ ያሠሩና አጠገቡ ይቁሙ።

የወጣውን የት ያደርሱታል? ወንዝ ዳር አይጣል፣ ባዶ ቦታ ላይ አይጣል፣ «ችግኝ ስጡኝ» ለሚል ዘመድም አይሰጥ። ለገጣፎና ሱሉልታ አካባቢ በጅረት ዳር ያየሁት አንዳንድ ቀርከሃ ማንም ተክሎት አይመስለኝም፤ ከግቢ ተነቅሎ የተደፋ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሥሩን በሲሚንቶ ወለል ወይም በሸራ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ያስመቱት። ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ማገዶ ነው። የላይኛው ግንድ ግን ሀብት ነው። ለመሰላል፣ ለጎመን መደብ አጥር፣ ለቲማቲም መደገፊያ ይሆናል። ወፍራም ከሆነ የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ የሚሠሩ ሰዎች መጥተው ያዩልዎታል።

ኮብልስቶኑ ሥር የገባውን ከሁለት አንዱን ማድረግ ይችላሉ። ወይ ያንን መስመር አንስተው ቆፍረው መልሰው ያንጥፉ። ወይ ያስርቡት። ማስራብ ማለት ቡቃያ በወጣ ቁጥር ቅጠል ሳይከፍት መቁረጥ ነው። ቅጠል ካላወጣ ምግብ አይሠራም፤ ከምድር ስንቁ ብቻ እየበላ ያልቅበታል። ከእናቱ የተቆረጠ ቁራጭ ከሆነ በሁለት ሦስት ክረምት ይዳከማል። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ለሚሸጥ ቤት ግን የመጀመሪያውን እመክራለሁ። ገዢው ሦስት ክረምት መቀስ ይዞ እንዲጠብቅ መጠየቅ ይከብዳል።

ስለ መድኃኒት ልጨምር። ራውንድአፕ የሚባለው ግላይፎሴት ጉቶ ላይ ስለፈሰሰ ብቻ ያን ሁሉ የምድር ግንድ አይገድልም። የተሻለ የሚሠራው ከተቆረጠ በኋላ በወጣ አዲስ ቅጠል ላይ ነው፤ እሱም ተደጋግሞ። የእርስዎ ቀርከሃ ግን ከጎረቤት ጎመን ጋር ተደባልቋል። የሚበላ ነገር መሀል አልረጭም፤ እርስዎም አይርጩ። ዶማው ይበቃል።

በጎረቤት በኩል ካለው ሥር ጋር ድንበር መለየት አለበት። 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በአጥሩ ሥር ይቆፈርና ለውኃ ማቆሪያ የሚነጠፈው ወፍራም ጂኦሜምብሬን በቁሙ ይግባበት። ከመሬት በላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይታይ፤ አለበለዚያ የምድር ግንዱ ላዩን ዘሎ ይሻገራል። መጋጠሚያው በደንብ ተደራርቦ ይጣበቅ። ቆርቆሮ አይሆንም፤ ይዝጋል። ስስ ላስቲክም አይሆንም፤ የቀርከሃው ጫፍ ሹል ነው፣ ይበሳዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤትዎ። ደብዳቤዎ ውስጥ «ጋሼ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል» ብለው አልፈውታል። እኔ አላልፈውም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ንብረቱን ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። ግን ከሕጉ በፊት ሰውየው አሉ። ሄደው ያነጋግሯቸው። «ከእኔ ግቢ የመጣ ነው፣ በእርስዎም በኩል አስቆፍሬ አወጣለሁ፣ መደቡንም አስተካክላለሁ» ይበሏቸው። ወጪው ከባድ አይደለም፤ ሠራተኛው እዚያው ነው። ይህን ካላደረጉ በእርስዎ በኩል የጸዳው ከጋሼ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ሌላም ነገር አለ። እኛ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ጎረቤት ሳይጠይቅ አይገዛም። የጥግ ሱቁን ይጠይቃል፣ ጥበቃውን ይጠይቃል፣ ጋሼን ይጠይቃል። ጋሼ «ቀርከሃ ነበረ፣ አስነቅለውታል፣ የእኔንም አጸዱልኝ» ካሉ፣ ከእርስዎ አፍ ከሚወጣው ሁሉ የበለጠ ይታመናል። ቅር እንዳላቸው ከተዋቸው ደግሞ የሚናገሩትን ያውቁታል።

አሁን ለገዢው መናገር። መቼ? ከቀብድ በፊት። ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ከቀብድ በኋላ ቀርከሃው ቢገለጥ «ደብቀኸኛል፣ ቀብዴን መልስ» እና «አንተ ነህ የተውከው» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ቀድመው ከተናገሩ ገዢው ሁሉን አውቆ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው።

እንዴት? በቃልም በጽሑፍም። በቃል የተባለ ነገር ከዓመት በኋላ «አልሰማሁም» ይሆናል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን ያለበት ስለሆነ ይህንንም እዚያው ውስጥ ማስገባት ነው። ጠበቃዎ ያስተካክለው እንጂ ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦

«ሻጭ በግቢው ጓሮ አጥር በኩል በመሬት ውስጥ የሚስፋፋ ቀርከሃ ተክለው እንደነበር፣ ተክሉ ወደ መኪና ማቆሚያው፣ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ አካባቢና ወደ ጎረቤት ይዞታ ተስፋፍቶ እንደነበር፣ በዚህ ወር ተቆፍሮ እንደወጣና በአጥሩ ሥር መከላከያ እንደተቀበረ፣ ሆኖም ቀሪ ሥር ካለ በሚቀጥሉት ክረምቶች ዳግም ሊያቆጠቁጥ እንደሚችል ለገዢ አስረድተዋል። ገዢም ቦታውን በአካል አይተው፣ ከዚህ ውል ጋር የተያያዘውን ንድፍና ፎቶግራፍ ተመልክተው፣ ይህንኑ አውቀው ገዝተዋል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይያዟት። ቅድም የነገርኩዎትን የሕግ ጥበቃ የምታመጣልዎ እሷ ናት። «ገዢ ቤቱን ባለበት ሁኔታ ገዝተዋል» የሚለው የተለመደ አነጋገር ይህን አይተካም። ጉድለቱ በስሙ ይጠራ።

ዋጋው ምን ያህል ይወርዳል ላሉት በመቶኛ አልመልስም። እንዲህ ዓይነት የተቆረጠ ልክ የለም፤ አለ የሚልዎትን አይመኑ። ሒሳቡን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። የቀን ሠራተኞች ክፍያ፣ የጂኦሜምብሬኑ ዋጋ፣ ኮብልስቶን መልሶ ማንጠፍ፣ ቆሻሻ ማጓጓዣ፣ ለሁለት ክረምት አትክልተኛ በየሳምንቱ እየመጣ ቡቃያ እንዲቆርጥ የሚከፈል ገንዘብ። ይህን ደምሩት። ከጂ ፕላስ ዋን ቤት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው የሚሆነው። ገዢ ግን ይህን ድምር ካላየ የሚቀንሰው በፍርሃቱ ልክ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ከሒሳብ ይበልጣል። ስለዚህ ሥራውን ሠርተው፣ ደረሰኙን ይዘው፣ የቀረውን የሁለት ክረምት ክትትል ወጪ ብቻ ከዋጋው ላይ ለመቀነስ ይቅረቡ።

አንዳንድ ገዢ «ከዋጋው ይህን ያህል ይያዝና ክረምቱ ሲያልፍ ልክፈልህ» ይላል። ክፋት የለውም፤ ግን ወደ ሐዋሳ ለሚሄድ ሰው አልመክረውም። በየቡቃያው ስልክ ይደወልልዎታል። አንድ ጊዜ ቀንሶ መለያየት ይሻላል። ጊዜ ካለዎት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። በጥቅምት አስቆፍረው፣ አንድ ክረምት ጠብቀው፣ በነሐሴ ግቢውን ለገዢ ማሳየት። ቀርከሃ የሚወጣበት ወር ላይ ንጹሕ የሆነ ግቢ ከየትኛውም ወረቀት የበለጠ ይናገራል። እኔ ብሆን፣ ገንዘቡ ካላስቸኮለኝ፣ የምመርጠው ይህን ነው።

ቤት ለምትገዙ ሰዎችም በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። በበጋ ግቢ ስታዩ አጥር ጥጉን፣ የጎረቤትን በኩል፣ አዲስ የተነጠፈ ሴራሚክ ካለም ለምን እዚያ ቦታ ብቻ እንደተነጠፈ ጠይቁ። ከቀርከሃ ሌላም አለ። ለአጥር ተብሎ የሚተከለው የወፍ ቆሎ አበባው ያምራል፤ ፍሬውን ወፍ በልታ በየሜዳው ትዘራዋለች፣ ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው። ቅንጬ አረም ደግሞ ሳያብብ በጓንት መነቀል አለበት፤ ቆዳና መተንፈሻ ያስቆጣል። እነዚህ ግን ቤት አያከራክሩም። ምድር ለምድር የሚሄደው ነው ውል ውስጥ መግባት ያለበት።

ለእርስዎ የቀረው ሥራ እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ሴራሚኩን አያንጥፉ። ጋሼን ያነጋግሩ። ቦዩን ያስቆፍሩ። ደላላውንም ጠርተው የተቆፈረውን ያሳዩት፤ ለገዢ ሲናገር ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ነገር እንዲናገር ይንገሩት፤ ካልተስማማ ሌላ ደላላ ይፈልጉ። ዓይነቱን ለማረጋገጥ ከተቸገሩ ሁለት ፎቶ ይላኩልኝ። አንዱ ቅርንጫፍ ከወጣበት አንጓ በላይ ያለው ግንድ በቅርብ የተነሳ፣ ሌላው ከኮብልስቶኑ ሥር የወጣው የምድር ግንድ ከነሥሩ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ ተቀምጦ። እነዚህን ካየሁ ሯጩ ይሁን አይሁን እነግርዎታለሁ።